ፍቅር ሲፈተን፤ የጆሲና ነገር

ፍቅር ለትግል እንቅፋት ነው ወይስ ስንቅ? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አንስተን ጥለነዋል! ከመካከላችን ግማሹ «አብዮተኛ ልቡን ለሁለት አይከፍልም» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ኧረ ወዲያ! ሰው ያልወደደ ለሕዝብ ምን ይሞታል?» ብሎ ይስቃል። እኛም ነገሩን በደፈናው ከምንጨቃጨቅበት የሞዛምቢኮቹን ጥንዶች፣ ጆሲናንና ሳሞራን፣ እናንሳ ብለናል።

ጆሲና ሙቴምባ በ1945 ስትወለድ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ፖርቱጋል በአገሯ ላይ ተንሰራፍታ ነበር። በሎሬንሶ ማርኬስ፣ በዛሬዋ ማፑቶ፣ ተማሪ ሆና እንደኛው ከጓደኞቿ ጋር ስለ አገር ማውራት ጀመረች። በ1964 ከተማሪዎች ጋር ጠፍታ ወደ ፍሬሊሞ ስትጓዝ ቪክቶሪያ ፏፏቴ ላይ ተያዘች፤ ለፖርቱጋሎች ተላልፋ ተሰጠችና ታሰረች። ስትፈታስ? እንደገና ጠፋች! ሁለተኛው ቀናትና ዳሬሰላም ገባች። ስዊዘርላንድ ሄደሽ ተማሪ ሲሏት አሻፈረኝ ብላ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደች። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የማንም ሚስት ከመሆኗ በፊት ነው።

ሳሞራ ማሼል ድሮ ነርስ የነበረ፣ በ12 ዓመት ያህል የሚበልጣት የጦር አዛዥ ነው። በ1969 ደቡብ ታንዛኒያ ውስጥ ተጋቡ። ጊዜው የሐዘን ጊዜ ነበር፤ የፍሬሊሞ መሪ ኤድዋርዶ ሞንድላኔ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በመጽሐፍ ውስጥ በተጠመደ ቦምብ ተገድሏል። በዓመቱ መጨረሻ ወንድ ልጅ ወለዱ። ጫጉላ የለ፣ የሞቀ ጎጆ የለ። ጆሲና ሕፃኑን ለወዳጅ አደራ ሰጥታ ነጻ ወደ ወጣው የሰሜኑ ምድር ተመለሰች። ጦርነቱ ወላጅ ላሳጣቸው ልጆች ማሳደጊያ ስታደራጅ የገዛ ልጇ በሰው እጅ ያድግ ነበር። ኤፕሪል 7 ቀን 1971 ታማ ዳሬሰላም ላይ ዐረፈች፤ ገና 25 ዓመቷ ነበር። አገሯ ነጻ የወጣችው ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1975 ነው።

ሳሞራ ግጥም ጽፎላታል። የሞተችበት ዕለት ዛሬም የሞዛምቢክ ሴቶች ቀን ሆኖ ይከበራል። ደግ! ነገር ግን ከእኛው አንዷ እንዲህ ስትል ጠየቀች፤ «ከልጅና ከትግል ምረጪ የተባለችው እሷ፤ እሱንስ ማን ምረጥ አለው?» ወንዶቻችን ዝም አልን።

እንግዲህ አብዮት ፍቅርን የሚፈትነው በመለያየትና በሞት ብቻ አይደለም፤ ሸክሙ በማን ትከሻ እንደሚወድቅ በማሳየትም ጭምር ነው። ጆሲና ማንንም ተከትላ አልወጣችም፤ መንገዷ ላይ ፍቅርን አገኘችና ይዛው ሄደች። ለዚህም ነው «የመሪ ሚስት» ብቻ ብለው ሲጠሯት የሚቆረቁረን። እኛስ? ተመርቀን እንጀራ ፍለጋ አንዱ ምሥራቅ አንዷ ምዕራብ ስንበታተን «አንቺ ተይውና ተከተይኝ» ማለት አይቀር ይሆን? ቅኝ ገዢ ባይኖርብንም ይህቺ ፈተና አለችብን። መልስ ያለው ብዕሩን ያንሳ!