ካርዱ ተቃጥሏል?

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ሊኑክስ የጫነ ተማሪ ዋይፋዩ እምቢ ሲለው ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ካርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር።» ከዚያ ወይ ተበድሮ ያስቀይራል፣ ወይ በኬብል ታስሮ ይቀራል። ካርዱ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። የጎደለው አንድ ትንሽ ፋይል ነው። ፋይሉ ለምን ጎደለ ሲባል ደግሞ ነገሩ ከጥገና ቤቱ አልፎ የባለቤትነት ጥያቄ ይሆናል።

ጉዳዩ አሁን የሚነሳው በምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የቆዩ ማሽኖችን አይቀበልም። አዲስ መግዛት ለማይችል ሰው ሊኑክስ ይቀራል፤ የድሮው ካርድ «የሚጠፋበት» እዚያ ሲደርስ ነው።

ማንኛውም ካርድ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የአምራቹንና የሞዴሉን ቁጥር ይናገራል። ሲስተሙ ያንን ቁጥር «የኔ ነው» የሚል ድራይቨር ይፈልጋል። ድራይቨሩ ቢገኝም አንዳንድ ካርዶች ፈርምዌር የሚባል፣ ቺፑ ላይ የሚጫን ሌላ ፋይል ካላገኙ አይሠሩም። ስለዚህ ቁጥሩ በሃርድዌር ዝርዝሩ ውስጥ ከታየ ካርዱ እየተናገረ ነው፤ ለመቀየር መቸኮል አያስፈልግም። (የዋይፋይ ማብሪያው ጠፍቶ እንዳይሆንም ይታይ፤ ያስቃል እንጂ ያጋጥማል።)

የብሮድኮም የቆዩ ካርዶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ኩባንያው ለእነዚህ ካርዶች የሊኑክስ ድራይቨር ለሚጽፉ ሰዎች የአሠራር ሰነድ አልሰጠም። በጎ ፈቃደኞች ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን የኩባንያውን ድራይቨር መርምሮ ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ ጻፈ፣ ሌላው ያንን ጽሑፍ ብቻ ይዞ አዲስ ድራይቨር ሠራ። በቅጂ መብት እንዳይከሰሱ ነው። ሥራቸው በፈረንጆቹ 2006 ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገባ። ፈርምዌሩ ግን የኩባንያው ንብረት ነው፤ ማንም እንዲያድለው አልተፈቀደም። ደቢያን በ2022 በድምፅ ወስኖ፣ ከ2023 ጀምሮ ዝግ ፈርምዌሮችን ከመጫኛው ጋር ማቅረብ ሲጀምር እንኳ ይህ ውጭ ቀረ። ተጠቃሚው ራሱ ከኢንተርኔት ማውረድ አለበት። ኢንተርኔት ለማግኘት መጀመሪያ ኢንተርኔት!

መውጫው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ተሰክቶ ዳታውን ለላፕቶፑ ሲያካፍል ሲስተሙ እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፤ ፈርምዌሩን የሚያወርደውን ጥቅል በዚያው መስመር መጫን ይቻላል። የሚበላው ዳታ ጥቂት ነው።

ጥገና ቤቱን ብቻ መውቀስ ልክ አይሆንም። ሊኑክስ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ጥቂት ነው፤ መርምሮ «ፋይል ነው የጎደለው» ላለ ባለሙያም ብዙ ሰው መክፈል አይፈልግም። ዕቃ ሲቀየር ነው ሥራ የተሠራ የሚመስለው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የኩባንያው ዝምታ ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ለሞላው ቺፕ ፋይሉን ማደል ቢፈቅድ ምን ይጎዳ ነበር?

በእርግጥ የምር የተቃጠለ ካርድ አለ። ቢሠራም ከ54 ሜጋቢት የማያልፍ፣ ማስቀየሩ የሚሻለው አለ። ያኔም ቢሆን ከመክፈል በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች አምራቹ ከመዘገባቸው ውጭ የሆነ ካርድ ሲገባባቸው ጨርሶ አይነሱም። አዲሱ ካርድ እዚያ መዝገብ ውስጥ አለ?