ቁጥር 1723 በሰንጋ ተራ

በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ሜክሲኮ አደባባይ የግንባታ አቧራውን ገና አላራገፈም ነበር። የከተማው ቀላል ባቡር በሙከራ ላይ ነው፤ ሕዝብ መጫን የጀመረው በመስከረም 2008 ነው። እኛ አምስት ዓመት ሕግ ተምረን የመውጫ ፈተና የምንጠብቅ ጓደኛሞች ሰንጋ ተራ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እናጠናለን። የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመጣው በ2015 ሲሆን የሕግ ተማሪ ግን ዓመታት ቀድሞ ቀምሶታል።

የሚነበበው ብዛት ያስፈራ ነበር። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ 3367 አንቀጾች አሉት። በዚያ ላይ የወንጀል ሕጉ፣ ሁለቱ የሥነ ሥርዓት ሕጎች፣ የንግድ ሕጉ፣ የቤተሰብ ሕጉና ሕገ መንግሥቱ አሉ። ከመካከላችን አንዱ ሽምደዳ የሚሆንለት ልጅ ነበር። ቁጥር ከጠራህለት አንቀጹን ከነንዑስ አንቀጹ ያወርደዋል። እኛም እንቀናበት ነበር።

አንድ ቀን ማታ ይኸው ልጅ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1723 ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበንብ፣ አከራያችን እትዬ ቡና ይዘው ገቡ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት የሚለውን በአማርኛ አስረዳቸው። እትዬ ረከቦቱ ላይ ሲኒውን እያስቀመጡ፣ «እንግዲያው አንዱ ቤቱን ሸጦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሲያበቃ ‘ውል አላደረግንም’ ቢል ሕጉ ዝም ይላል?» አሉት። ልጁ አንቀጹን ደገመላቸው። «እሱን ሰማሁ፤ እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው» አሉት።

የእትዬ ጥያቄ የሰበር ሰሚ ችሎትም ጥያቄ ነበር። ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 21448 በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ወስኖ ነበር። ኋላ ደግሞ ሻጩ መሸጡን ካልካደ ውሉ በዚያ ምክንያት ብቻ አይፈርስም የሚል ውሳኔ መጣ። አንቀጹ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው አንቀጹ ለምን እንደተጻፈ የጠየቀ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲያ አጠናናችን ተለወጠ። አንዳችን ጭብጥ ያለው ጉዳይ ይፈጥራል፣ ሌላው መጽሐፉን ዘግቶ ይፈርዳል፤ ምክንያቱን ሳይናገር ግን ሕጉን መግለጥ ክልክል ነው። የተሳሳትነውን በአንድ ደብተር ላይ እንጽፍና ጥቂት ቀናት ቆይተን እንደገና እንጠያየቃለን። ሲሰለቸን በእግራችን ልደታ ፍርድ ቤት ሄደን ችሎት ውስጥ እንቀመጣለን። በክፍል በእንግሊዝኛ የተማርነውን የማስረዳት ሸክም እዚያ በአማርኛ ሲከራከሩበት መስማት፣ ገጽ ሙሉ ከማንበብ ይበልጥ ይገባን ነበር።

ይህ አጠናን ለምን እንደሚሠራ ያወቅሁት በኋላ ነው። አሜሪካኖቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታውሰዋል። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ። ፈተና የሚመጣው ደግሞ ካነበብክ ከደቂቃዎች በኋላ አይደለም።

ፈተናውን ሁላችንም አለፍን፤ ሸምዳጁም ጭምር። ልዩነቱ የታየው ሥራ ላይ ነው። ያኔ በቁጥር የሸመደድነው የ1952 የንግድ ሕግ ዋና ዋና ክፍሎቹ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተኩ። ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሰው እንደ አዲስ ተማሪ ተቀመጠ፤ የንግድ ማኅበር ለምን በሕግ የራሱ ሰውነት እንደሚሰጠው የገባው ግን አዲሱን ሕግ በቀላሉ ተላመደው።

ዘንድሮ ለመግቢያም ሆነ ለመውጫ ፈተና የምትዘጋጁ ልጆች፣ አንቀጹን አንብቡና መጽሐፉን ዝጉ። ከዚያ ሕግ ላልተማረ ሰው በአማርኛ አስረዱት። መልሶ ሲጠይቃችሁ አንቀጹን ከመድገም በቀር መልስ ካጣችሁ፣ ያንን ርዕስ ገና አላጠናችሁትም።