በሩን ከውጭ ሆኖ ማየት

እናቴ ደብዳቤ መጻፍ አትወድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ባዶ ካሴት እልክላት ነበር። እሷም ቡና እያፈላች የልቧን ትናገርበትና በሚመለስ ሰው እጅ ትልክልኛለች። እንዲህ እያልን 27 ካሴት ተጠራቀመ።

እናታችን ካረፈች ዘንድሮ 10 ዓመት ሆናት። ሙት ዓመቷ ሲቃረብ አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። “እኔ እስከ መጨረሻው አብሬያት ነበርኩ፤ ድምጿ ግን ሁሉም አንቺ ጋ ሄደ” አለችኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ እውነቷን ነው። እህቴ ዓይኗ ስለ ደከመ ፎቶግራፍ አይታያትም። የቀራት መስማት ነው።

ከ16 ዓመት ልጄ ጋር ሆነን ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥናቸው። ጥራቱ እንዳይቀንስ ስላልጨመቅነው የአንድ ሰዓት ካሴት ከ600 ሜጋባይት በላይ ሆነ፤ ሁሉም ሲደመር 17 ጊጋባይት ገደማ። “በቴሌግራም ለምን አትልኪውም?” ትሉኝ ይሆናል። ዘመዶቻችን በአራት አገር ተበትነዋል። ሁሉም በተመቸው ሰዓት ገብቶ የሚወስድበት አንድ ቦታ ፈለግሁ። ደግሞም የእናቴን የጓዳ ጨዋታ ሰው ቤት ማስቀመጥ አልወደድኩም።

ስለዚህ ምድር ቤት የተጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አንስተን የፋይል ሰርቨር አደረግነው። ፋይል የሚያስተላልፍበት መንገድ ኤፍቲፒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ፣ ከእኔም ጋር የሚቀራረብ ሽማግሌ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ኮምፒውተር የተማርኩት እየነካካሁ ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

የቤት ኢንተርኔት እንደ አንድ ግቢ ነው። ግቢው ከውጭ የሚታወቅበት አንድ አድራሻ አለው። ውስጥ ያሉት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ደግሞ የየራሳቸው የውስጥ አድራሻ አላቸው። የእኛ ሰርቨር 192.168.1.20 ነበር። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ራውተሩ ነው፤ ያልተጠራ እንግዳ እንዳይገባ የሚከለክለው ደግሞ በውስጡ ያለው ፋየርዎል ነው። ፖርት ማለት ቁጥር ያለው በር ነው በሉት። ኤፍቲፒ የሚያንኳኳው 21 ቁጥርን ነው። እኔም ለዘበኛው “21 ቁጥርን የሚያንኳኳ ሲመጣ ወደ 192.168.1.20 ውሰደው” ብዬ ነገርኩት። ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚባለው ይኸው ነው።

ማድ ቤት ቁጭ ብዬ በላፕቶፔ ሞከርኩት። ገባ። ፋይሎቹም ተዘረዘሩ። እህቴ ጋ ደውዬ “አለቀ!” አልኳት።

አላለቀም። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲሞክር ምንም መልስ አጣ። እኔ የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ “እንግዲህ አንቺው ከእሱ ጋር ጨርሱት” ብዬ ነገሩን ለልጄ ተውኩላት። እሷ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ስልክ ላይ ለመናገር ታፍራለች። እሱ ደግሞ እንግሊዝኛ ያነባል እንጂ ሲናገር ይጨነቃል። ስለዚህ ተግባብተው ሊጨርሱት የሚችሉት በአማርኛ ብቻ ነበር።

ጠዋት ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አገኘሁ። ራስጌው ላይ በልጄ የተንጋደደ ፊደል “እንግዳው የት ቆመ?” ይላል። እኛ ነርሶች በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ “የት ጋ ነው የሚያምዎት?” እንላለን። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ በስልክ “እስኪ ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው” ስላት ነበር ያደርኩት።

እሷ ያደረገችው ይህን ነው። እሱ ከአዲስ አበባ ሲያንኳኳ የሰርቨሩን መዝገብ ከፍታ አየች። የእሱ ዱካ የለም። እንግዲያው እንግዳው የቀረው መንገድ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም። ከዚያ የሰርቨሩን የውስጥ አድራሻ ስታይ 192.168.1.23 ሆኗል። ለካ ከሙከራዬ በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ አዲስ አድራሻ ሰጥቶታል። ዘበኛው እንግዳውን የሚወስደው ሰው ወደሌለበት ክፍል ነበር። ልጄ ራውተሩ ውስጥ ገብታ ያ ኮምፒውተር ሁልጊዜ 20 ቁጥርን እንዲይዝ አደረገችው።

በማግሥቱ ማታ እኔም ቤት ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ገባ! የይለፍ ቃሉን ተቀበለው። እልል ልንል ስንል “አክስቴ፣ ፋይሎቹ አይታዩም። ዝም ብሎ ይዞራል” አለ።

ልጄ መዝገቡን ከፈተች። አሁን ስሙ አለ። “ደርሷል እኮ! ደጁን አልፏል። የቆመው ከዚያ ወዲህ ነው” አለች። ወዲያው እኔ በላፕቶፔ ሞከርኩ፤ ፋይሎቹ ቁልጭ ብለው ወጡ። “እኔ ጋ ይሠራል” አልኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና “እማዬ፣ አንቺ እኮ ቤት ውስጥ ነሽ” አለችኝ።

ከዚያ ወደ ስልኩ ዞራ “ስክሪኑ ላይ የመጨረሻው መስመር ምን ይላል? ቁጥሩን አንብብልኝ” አለችው። እሱም አነበበ፦ “227 ይላል። ከዚያ በቅንፍ ውስጥ 192፣ 168፣ 1፣ 20፣ 164፣ 37።” ትንሽ ዝም አለና “እንዴ! 192.168.1 እኮ የእኛም ቤት ነው” አለ።

ነገሩ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ኤፍቲፒ በአንድ በር አይበቃውም። በ21 ቁጥር ትእዛዝ ይነጋገራል፤ የፋይሉ ዝርዝርና ፋይሉ ራሱ የሚመጡት ግን በሌላ በር ነው። ሰርቨሩ “ዕቃውን እዚህ አድራሻ፣ እዚህ በር መጥተህ ውሰድ” ይላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች በሩን ይናገራሉ፤ 164 በ256 ተባዝቶ 37 ሲጨመርበት 42021 ይሆናል። ችግሩ ሰርቨሩ የተናገረው የውስጥ አድራሻውን መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው “ዕቃው ጓዳ ነው፣ ግባና ውሰድ” እንደ ማለት ነው። የማን ጓዳ? ልጁ የገዛ ቤቱን ጓዳ ሲፈልግ ነበር። እኔ ግን እዚያው ጓዳ ውስጥ ስለነበርኩ አንድም ቀን አልቸገረኝም።

ሦስት ነገር አስተካከልን። ሰርቨሩ የግቢውን የውጭ አድራሻ እንዲናገር ነገርነው። በሩንም እንደፈለገው ከመምረጥ ይልቅ ከ50000 እስከ 50010 ባለው ብቻ እንዲወሰን አደረግን። ከዚያ እነዚያን በሮች በራውተሩም በራሱ በኮምፒውተሩ ፋየርዎልም ላይ ከፈትን። ዝርዝሩ መጣ። የመጀመሪያው ካሴት መውረድ ጀመረ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ እኛ ከረፈደ ነው የተማርነው። ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይሸፍን በግልጽ ይልካል። በሁለት ቀን ውስጥ መዝገባችን ላይ የማናውቃቸው ሰዎች “አድሚን” እያሉ ሲያንኳኩ አየን። ስለዚህ የመጀመሪያው ካሴት እንዳለቀ የከፈትናቸውን በሮች በሙሉ ዘግተን ወደ ኤስኤፍቲፒ ተዛወርን። እሱ ሁሉን ነገር ሸፍኖ በአንድ በር፣ በ22 ቁጥር ያስተላልፋል። የሚገባውም የይለፍ ቃል የያዘ ሁሉ ሳይሆን እኛ የምናውቀው የኮምፒውተር ቁልፍ ያለው ብቻ እንዲሆን አደረግን። እናንተ ብትጀምሩ ከዚህ ጀምሩ።

በሙት ዓመቷ ዋዜማ እህቴ ደወለች። ሰባተኛውን ካሴት እየሰማች ነበር። እናታችን እኔን እየመከረችኝ መሃል ላይ ታቋርጥና “ኧረ ጀበናው ገነፈለ፣ አውጪው!” ትላለች። ከሩቅ “እሺ፣ መጣሁ!” የሚል የወጣት ሴት ድምፅ ይሰማል። እኔ ካሴቱን ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ያንን ድምፅ ግን ልብ ብዬው አላውቅም።

“ያቺ እኮ እኔ ነኝ” አለች እህቴ።

ከዚያ ልጄን አቅርቢልኝ አለችኝ። ልጄ ስልኩን ይዛ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር “እሺ አክስቴ፤ አዎ፣ በሩን እኔ ነኝ የከፈትኩት” ስትል ሰማኋት። በአማርኛ፣ ሳታፍር።

እናንተም ቤት ካሴት ካለ ሳይበላሽ ገልብጡት። ስትልኩትም ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው “የት ደረስክ?” ብላችሁ ጠይቁት።