ስለ ጠጕር ማስያዣና ስለ ቤት ሰላም

እንግዳ ነገር ወደ ቤት በገባ ጊዜ ሽማግሌው ይጠራጠረዋል፤ ወጣቱ ግን ሳይመረምር ይወደዋል። በሁለቱ መካከል የሚቆም ሰው የነገሩን ትውልድና ሥራ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ልጄ ለሠርግዋ ስትዘጋጅ በጠጕርዋ ላይ ከቆርቆሮ የሚረጨውን ማስያዣ ልትነፋበት ባለች ጊዜ፥ እናቴ «በሙሽራ ራስ ላይ ከቅቤ በቀር ምን ይፈሳል? ይህ መርዝ ነው» ብለው ተቈጡ፤ ልጄም አለቀሰች። እኔም በፍርድ ቤት የሁለቱን ወገን ቃል መጻፍ የለመድሁ ስለ ሆንሁ፥ በቆርቆሮው ላይ የታተመውን አነበብሁ። ከስሞቹም አንዱ ፖሊቪኒልፒሮሊዶን የሚል ነበር።

ይህን ነገር ያስገኘው ዋልተር ሬፔ የተባለ የጀርመን የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፥ የፈጠራው መብት እንዲመዘገብ የተጠየቀው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. ነው። ጥቃቅን ክፍሎቹ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ስለሚረዝሙ ፖሊመር ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ሐኪሞች በውሃ አሟሙተው ደሙ ለፈሰሰ ቍስለኛ በደም ሥር ይሰጡት ነበር፤ ውሃው ከደም ሥር ቶሎ እንዳይወጣ ይይዘዋልና። ኋላ ግን ረዣዥሞቹ ሰንሰለቶች በኩላሊት ሳይወጡ በሰውነት ውስጥ እንደሚከማቹ ስለ ታወቀ፥ ይህ ሥራው ቀረ።

ከደም ሥር የተሻረው ነገር በ1950ዎቹ ዓመታት በጠጕር ላይ ተሾመ። አስቀድሞ ለዚህ ሥራ ያገለግል የነበረው በሕንድ አገር በዛፍ ላይ ከሚኖሩ ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ እርሱ ግን በውሃ አይሟሟም። ይህ አዲሱ ከአልኮል ጋር ሲረጭ፥ አልኮሉ ይተንና ስስ ሽፋን በጠጕሩ ላይ ይቀራል፤ ሲታጠቡትም በውሃ ይለቃል። እርጥበት ስለሚስብ በዝናብ ወራት እንዳይጣበቅ፥ ባለሙያዎች ከቪኒል አሲቴት ጋር አጣመሩት። ከአዮዲን ጋር ሲዋሐድ ደግሞ አዮዲኑን ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፥ ሳያቃጥል ቍስል የሚያነጻ መድኃኒት ሆነ።

ይህን ለእናቴ ባስረዳኋቸው ጊዜ «ታዲያ ሐኪሙ እግሬን የቀባኝ ቡናማው ውሃ የዚህ ዘመድ ነውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አዎን፥ እማዬ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ፍርዳቸውን ሰጡ፦ ልጅቱ እስከ ዋዜማው ቅቤዋን ትቀባ፤ ከዚያም ታጥባ የወደደችውን ትንፋበት። ቀጥለውም የቡናውን ከሰል ከአጠገብዋ አስነሡ፤ አልኮሉና ገፊው ጋዝ እሳት ይስባሉ ብዬ ነግሬአቸው ነበርና።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ በቤታችሁ ይህ ዕቃ ቢገኝ መስኮት ክፈቱ፤ ዓይንን ሸፍኑ፤ ጢሱን ወደ ውስጥ አትሳቡ፤ ከእሳትም አርቁት። በደም ሥር ውስጥ ያልተስማማው በጠጕር ላይ ተስማምቷል። ስለዚህ ነገርን በእንግድነቱ ብቻ ከመኰነን፥ ወይም በአዲስነቱ ብቻ ከመውደድ፥ ስፍራውንና ልኩን መጠየቅ ይሻላል።