በሱሉልታ ረግረግ

መንገድ የሰውን ጠባይ የሚገልጥ መሆኑን ሰምቼ አውቅ ነበር፤ የገዛ ራሴን ጠባይ ይገልጥብኛል ብዬ ግን አላሰብሁም።

እናቴ፥ ልጃችን በብርቱ በታመመ ጊዜ «ቢድንልኝ ይዤው በእግሬ ሄጄ እሳለማለሁ» ብላ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ተስላ ነበር። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ 24 ቀን ለሚውለው የዕረፍታቸው በዓል ለመድረስ፥ እናቴ፥ ባለቤቴ፥ የ10 ዓመቱ ልጃችንና እኔ ነሐሴ 20 ቀን ከአዲስ አበባ ተነሣን። እስከ ደብረ ሊባኖስ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአራት ቀን ከፍለነው ነበር።

ከእንጦጦ ማዶ የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ፥ ውኃው ወደ ሙገር፥ ከዚያም ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰፊ የሣር አገር ነው። መሬቱ ኮትቻ ነው፤ ይኸውም በበጋ ደርቆ የሚሰነጣጠቅ፥ በክረምት ግን ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ ጥቁር ዐፈር ነው። ከጠገበ በኋላ የዘነመው ሁሉ በላዩ ተኝቶ ይከርማል። ይህን በትምህርት ቤት ለልጆች የማስተምር እኔው ነኝ።

በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ሳያባራ ነጋ። የመኪና ርጭት ስላስመረረን በሜዳው እናቋርጥ አልሁ። እናቴ «ልጄ፥ በክረምት አቋራጭ አይታመንም፤ ዙሩ ይሻለናል» አለችኝ። እኔ ግን ዐዋቂ ነኝ ብዬ አልሰማኋትም።

ጥቂት እንደ ሄድን ሣሩ ከእግራችን ሥር ይዋልል ጀመር። ልጁ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ፤ ስቤ ሳወጣው አንድ ጫማው ከጭቃው ቀረ። እናቴ ልትረዳው ስትል ወደቀች፤ ነጠላዋም ጠቈረ። ሆኖም አልተቈጣችም፤ «እኔን ተወኝ፤ ልጁን ያዝ» ብቻ አለች። የልጁ ከንፈር በብርድ ሲንቀጠቀጥ ባየሁ ጊዜ፥ እግዚአብሔር የማረልንን ልጅ በእልከኝነቴ መልሼ ላሳምመው ነው ብዬ ፈራሁ።

ከብት ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አይተውን፥ በዱላቸው መሬቱን እየወጉ መጡ። ንግግራቸው በኦሮምኛ ነበርና ከ«ሱታ፥ ሱታ»፥ ቀስ በሉ ከማለታቸው በቀር ብዙ አልተረዳሁም። ጉብ ጉብ ያለውን ሣር እያስረገጡ፥ እናቴን በክንዷ ደግፈው ከረግረጉ አወጡን። በቤታቸውም እሳት አንድደው አሞቁን፤ ለልጁም ትኩስ ወተት ሰጡት። ገንዘብ ባቀርብላቸው እምቢ ብለው፥ በገዳሙ ስማቸውን በጸሎት እንድናስነሣ ብቻ በልጃቸው አስተርጓሚነት ለመኑን። እኔም በዚያው ምድጃ ዳር የእናቴን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ነሐሴ 23 ቀን ሲመሽ ገዳሙ ደረስን፤ በማግሥቱም የሽማግሌውን ስም አስነሣን። ጻድቁ በጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው እንደ ተቈረጠ ገድላቸው ይናገራል። ልጄ ሥዕላቸውን ትክ ብሎ አይቶ፥ «አባዬ፥ እኔስ የጠፋኝ ጫማ ብቻ ነው» አለኝ።

አባቶች ሆይ፤ ቤተ ሰብን መምራት ፊት ፊት መሄድ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣውን የሽማግሌ ቃል ቆሞ ማድመጥም ነው።