የጠላት ማህተም የታለ?

በዲፓርትመንታችን የተማሪዎች ምሽት ላይ ያቀረብነውን የስለላ ኮሜዲ ያያችሁ ታስታውሱኛላችሁ፤ የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ላላያችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰላይ ስንት አደጋ አልፎ የጠላትን ምስጢራዊ ሰነድ ይዞ ይመጣል። እኔ ግን አልቀበልም። «ወጪ ቁጥር የለውም፤ የጠላት ማህተም የታለ?» ለጠላት ዘበኛ የሰጠውን ጉቦ ለማወራረድ ደግሞ ደረሰኝ ይጠየቃል። የሰዓት ፊርማ ላይ በሐሰት ስሙ ስለፈረመ ደመወዙ ይታገዳል፤ በእውነተኛው እንዳይፈርም ስሙ ምስጢር ነው። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

ለካ ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ አንድ ሰው አልሳቀም። አባቴ።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ነው የሠራው። እውነቱን ልናገርና፣ ገጸ ባሕርይዋን ከእሱ ነው የሰረቅኋት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ገጽ ሲገልጥ... የጋበዝኩትም ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ሞኝነቴ!

ታክሲ ውስጥ ዝም አለኝ። ቤት ልንደርስ ስንል፣ «ልጄ፣ ያለ ቁጥር የተቀበልሽው ደብዳቤ ነገ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» አለኝ። ከዚያ የአንድ የሥራ ባልደረባውን ነገር ነገረኝ። አለቃው «ዝም ብለህ ተቀበል» ያለው ሰነድ ጠፋ፤ አለቃው አላዘዝኩም አለ፤ ደመወዙ የተቆረጠው ሰውየው ነው። «እሱን ግን አላሳያችሁም» አለ።

ክፍል ውስጥ የሩሲያዊውን የኒኮላይ ጎጎልን «የመንግሥት ኢንስፔክተር» አንብበን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1836 ፒተርስበርግ ላይ መድረክ ሲወጣ ዛር ኒኮላይ ቀዳማዊ ራሱ ተገኝቶ አይቶታል። ተቆጣጣሪ በስውር ይመጣል የሚል ወሬ የአንዲት ከተማን ሹማምንት ያስበረግጋቸዋል፤ ተራ ጸሐፊ የሆነ መንገደኛን እሱ ነው ብለው ገንዘብ ያሸክሙታል። ከንቲባው የፖስታ ቤቱን ኃላፊ የሰው ደብዳቤ ክፈትልኝ ሲለው ሰውየው ድሮም እከፍታለሁ ይላል፤ ለጥንቃቄ ሳይሆን ለወሬ ፍቅር! ከእኛ ሰላይ እሱ ይሻላል። ጎጎል ግን የጀመረው ከከንቲባው ነው። በእኛ ቴአትር አለቃው አንዴ ብቅ ብሎ ሻይ ጠጥቶ ይወጣል፤ የሚሳቅባት መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ናት። በአለቃ እንዳንቀልድ ማንም አልከለከለንም እኮ። ብቻ አልታሰበንም። ወረፋ ይዘን የቆምነው ሁሌም እሷ ፊት ስለሆነ ይሆናል።

ለሁለተኛው ዝግጅት አለቃው «ተቀበይ ብያለሁ!» የሚልበት ትዕይንት ይጨመር ብዬ ጠየቅሁ። አዘጋጃችን «ሳቁን ይገድለዋል» አለኝ፤ እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው።

አባዬ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት አዲስ ደብተር በማስመሪያ አስምሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦልኝ አገኘሁ። «የእናንተው መዝገብ ገቢና ወጪውን አንድ ላይ ነው የሚጽፈው» አለኝ ቡናውን እየጠጣ፤ «ለየብቻ ነው።»