ስምንት ሜጋባይት

ፕሌይስቴሽን ቱ የተባለው የጨዋታ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓን ለገበያ ሲቀርብ ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚያኖርበት ቋሚ ጎተራ በሆዱ አልነበረውም። ይህን ሥራ የሚሠራው ከፊት ለፊቱ የሚሰካ፣ ከክብሪት ቀፎ ጥቂት ከፍ የሚል ካርድ ነበር። የካርዱ መጠን 8 ሜጋባይት ነው፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ ሁለት ሦስት ፎቶግራፍ ይሞላዋል። መሣሪያው ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ፣ ምርቱ መቆሙ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ተነገረ።

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ግን ፕሌይስቴሽን ከቤት ዕቃነቱ ይልቅ የመንገድ ዳር ንግድነቱ ያመዝን ነበር። በአንዲት ጠባብ ክፍል ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን ይደረደራል፤ ልጆች በጨዋታ እየከፈሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀው ይቀመጣሉ፤ የተሸነፈ ይነሣል። ይህ ታሪክ የሚመለከታቸው ሁለት ወንድማማቾች መሣሪያ ኖሯቸው አያውቅም። የራሳቸው የነበረው ካርዱ ብቻ ነው። ታላቁ በኪሱ ይዞት ይሄዳል፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ነቅሎ ይዞት ይመለሳል። የሚጫወቱትም ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 ነበር፤ በተለይም ማስተር ሊግ የተባለውን፣ አንድ ቡድን ከታች ተነሥቶ ዓመት በዓመት የሚያድግበትን ክፍል። ካስቶሎና ሚናንዳ የተባሉትን፣ በዓለም ላይ የሌሉ ተጫዋቾች የማያስታውስ የዚያ ዘመን ልጅ ጥቂት ነው።

ታላቁ እ.ኤ.አ. በ2009 በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ጀመረ። አንድ ጊዜ ከኬንያ፣ አንድ ጊዜ ከታንዛኒያ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። በዚያ መንገድ የሄደ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ይህን ዓይነት ዝምታ ያውቁታል፤ ለቅሶ የማይቀመጡበት፣ ደስታም የማይደግሱበት ነው።

ታናሹ ዛሬ ናይሮቢ ይኖራል። ካርዱ የደረሰው ከእናታቸው ዘንድ፣ በመንገደኛ እጅ፣ በመሐረብ ተቋጥሮ ነው። እናትየው በቁም ሣጥናቸው መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት አኑረውት ነበር። «ሚሞሪ» ሲባል የሚያውቁት የስልኩን ነውና፣ በውስጡ የልጃቸው ፎቶ ያለ መስሏቸው «እስቲ ክፈትልኝ» ብለው ላኩት።

ታናሹ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ቱ ገዛ። መሣሪያው የተነካካ ነበር፤ በአንደኛው ቀዳዳ የተሰካ ፍሪ ማክቡት ያለበት ካርድ ሲበራ ይቀድምና ኦፕን ፒኤስቱ ሎደር የተባለውን ፕሮግራም ያስነሣል። ፕሮግራሙም ጨዋታውን ከሲዲ ሳይሆን ከፍላሽ ያነባል። በፍላሹ ላይ የተጫነው ጨዋታ ከአንድ ወዳጁ የተገኘ ነው። መጀመሪያ ፋይሉ ፍላሹ ላይ ተቆራርጦ ስለ ተቀመጠ አልነሣ አለ፤ ፍላሹን አጽድቶ እንደገና ገለበጠው። ቀጥሎ ጨዋታው ተመረጠ፣ ስክሪኑም ጠቆረ፣ እንደ ጠቆረም ቀረ።

እዚህ ላይ የማስተካከያ ፋይሎቹን ነገር መግለጽ ያሻል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ጨዋታ በተለየ ፎልደር ውስጥ አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይይዛል። በየመስመሩ አንድ ስም፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያም አንድ ዋጋ ይገኛል። አንዱ መስመር ከስድስቱ የማስማሚያ ዘዴዎች የትኛው እንደ በራ ይናገራል፤ ሌላው በእውነተኛው ካርድ ፈንታ በፍላሹ ላይ ያለ የካርድ አምሳያ መዋሉን ያመለክታል። ወዳጁ በእሱ ቤት በደንብ የሚሠራውን ፋይል ላከለት። ታናሹ በቦታው አኖረው፤ ምንም ለውጥ የለም። ዋጋውን ቀየረ፤ ምንም የለም። ስድስቱን ዘዴዎች እየቀያየረ በመጻፍ ሁለት ሌሊት አጠፋ። ብዙ ሰው በዚህ ደረጃ ላይ መሣሪያውን ይረግማል። እርሱ ግን የተሻለ ነገር አደረገ፤ የጨዋታውን ስም በሚይዘው መስመር ላይ ሆን ብሎ የማይረባ ቃል ጻፈ። በስክሪኑ ላይ ያ ቃል አልታየም። ትክክሉም ስሕተቱም እኩል ውጤት ካስገኘ፣ ፋይሉ ጨርሶ አይነበብም ማለት ነው።

የማይነበብበት ምክንያት ስሙ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ የማስተካከያውን ፋይል የሚያገኘው በጨዋታው መለያ ቁጥር ነው፤ ይኸውም በሲዲው ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ፣ በአራት ፊደል የሚጀምር ቁጥር ነው። የወዳጁ ፋይል ኤስ ኤል ኢ ኤስ ብሎ ይጀምራል፣ ለአውሮፓ የወጣ ማለት ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ጨዋታ ግን ኤስ ኤል ዩ ኤስ ይላል፤ የአሜሪካ ነው። በአሜሪካ ገበያ ያው ጨዋታ ዊኒንግ ኢለቨን ተብሎ፣ 2007 የሚል ዓመት ታክሎበት ነበር የወጣው። ወዳጁ ሁለቱንም ይዞ ኖሮ ጨዋታውን ከአንዱ፣ ማስተካከያውን ከሌላው ሰጥቶታል።

ስሙ ሲስተካከል ጨዋታው ተነሣ። የወንድሙን ካርድ በሁለተኛው ቀዳዳ ሰካና ማስተር ሊግን ከፈተ። «የተቀመጠ ነገር የለም» የሚል መልስ መጣ።

ያን ሌሊት ለእናቱ አልደወለም።

በማግሥቱ ዩላውንች በተባለው የፋይል መመልከቻ ካርዱን ሲከፍት ፎልደሮቹ በቦታቸው ነበሩ። ከሁሉ በፊት ወደ ፍላሽ ገለበጣቸው፤ ያረጀ ካርድ መቼ እንደሚሞት አይታወቅም። ከዚያ ስማቸውን አነበበ። ቢ ኢ ኤስ ኤል ኢ ኤስ ይላል። የአሜሪካው ጨዋታ ግን የሚፈልገው በቢ ኤ የሚጀምረውንና ከራሱ ቁጥር ጋር የሚገጥመውን ብቻ ነው። የዚያ የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ሲዲ የአውሮፓ ኖሯል። የፎልደሩን ስም መለወጥ ለጊዜው ያጓጓል፤ ይሁንና በውስጡ ያለው ጽሑፍ ለአንደኛው የተሰፋ ልብስ ስለ ሆነ ለሌላው ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ የአውሮፓውን ቅጂ አስመጣ። የወዳጁ የመጀመሪያው ማስተካከያ ፋይል፣ አንድ ፊደል ሳይነካ፣ በትክክል ሠራ።

የቆመው ውድድር ተከፈተ። ከመስመሩ አጥቂዎች አንዱ የታላቁን ስም ይዟል፤ ቁመቱ ከእውነቱ አራት ጣት ይረዝማል። በረኛው ታናሹ ነው፣ በልጅነቱ ሁልጊዜ ወደ ጎል እንደሚባረረው። የቡድኑ ስም የእናታቸው ስም ነው፤ ያውም ሰው ፊት የሚጠሩበት ሳይሆን ልጆቻቸው በቤት የሚጠሯቸው።

«ፎቶው አለ?» አሉ እናትየው በስልክ።

«የለም እማዬ። ስምሽ ግን አለበት።»

«በእጁ የጻፈው?»

ታናሹ አሰበ። በዚያ ጨዋታ ፊደል የሚጻፈው በጆይስቲኩ ቁልፍ እየተፈለገ፣ አንድ በአንድ እየተመረጠ ነው። «አዎን፣ በእጁ» አለ።

እንግዲያውስ እሱን አንሣና ላክልኝ አሉ። የቴሌቪዥኑን ስክሪን በስልኩ ሦስት ጊዜ አነሣ፤ በሁለቱ ላይ ጥቁር መስመር አለፈበት፣ አንዱ ጠራ። ያን አሳትሞ በመንገደኛ ላከላቸው። ካርዱንም መልሱልኝ ብለው ነበርና በዚያው መሐረብ ቋጥሮ አብሮ ላከው። ቅጂው ፍላሹ ላይ አለ። በውድድሩ ገና ያልተደረጉ ዐሥራ አንድ ግጥሚያዎች ቀርተዋል፤ አንዱንም አልተጫወተም።